አውርዶ የማያጥፍ አፕ

እኛ አገር ጨርቅ የሚገዛ ሰው ሐሳቡን የሚቆርጠው መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ነው። የመጀመሪያውን ገና ከበር ወዶታል። ግን እሱን ብቻ አይቶ ቢገዛ የተታለለ ይመስለዋል። ስለዚህ ይህን አውርዱልኝ፣ ያንን ዘርጉልኝ፣ ከኋላ ያለውስ እያለ ሱቁን ያስገለብጥና ተመልሶ የመጀመሪያውን ይገዛል። ይህን የማያውቅ ሐዋሳ ውስጥ አለ? አለ እንጂ፣ እኔ አለሁ። ያውም የጨርቅ መሸጫ አፕ የሠራሁት ሰውዬ!

አፑን የሠራሁት መናኸሪያ አካባቢ ጨርቅ ለሚሸጡት ለእትዬ ታደለች ነው። እሳቸው የምወዳት የምሕረት እናት ስለሆኑ ነገሩ ሥራ ብቻ አልነበረም፣ ፈተና ነበር። ፈተናውንም ወደቅሁ። ደንበኞች ጥቂት ጨርቅ እንዳዩ አፑ ድርግም ይልባቸዋል፤ እነሱም ሱቅ ድረስ መጥተው ያማርራሉ። እትዬ ታደለች ሽማግሌ ልልክ መሆኔን ሲሰሙ፣ «መጀመሪያ አፑን አስተካክል። ሥራህን እንዴት እንደምትይዝ ሳላይ ልጄን አልሰጥህም» አሉኝ። ምን ይባላል? እሺ ከማለት በቀር።

ፕሮፋይለር የሚባል መሣሪያ አለ። ስልኩን በኬብል ከላፕቶፕ ታገናኙታላችሁ፣ አፑ በየቅጽበቱ ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ በመስመር ይሥልላችኋል። ፎቶ ሲከፈት መስመሩ ከፍ፣ ሲዘጋ ዝቅ ማለት አለበት። እኔም አንድ ጨርቅ ከፈትኩ፣ ገዛሁ፣ ወጣሁ። መስመሩ ለአመል ያህል ከፍ ብሎ ተኛ። እንግዲህ በሽታው የደንበኞቹ ስልክ ነው ብዬ ልፎክር ምንም አልቀረኝ።

ምሕረት ግን እንደ አንተ የሚገዛ ማን አለ ብላ ስልኩን ለአክስቷ ሰጠቻቸው። አክስት ሶፋው ላይ ተመቻቹና ጨርቁን አንድ ባንድ ይከፍቱ፣ ይመለሱ፣ ደግመው ይከፍቱ ጀመር። መስመሩ የታቦር ተራራን ዳገት ተያያዘው። መውረድ የለ፣ ማረፍ የለ፤ ጫፍ ሲደርስ ድርግም። ለካ የእኔ አፕ ማውረድ እንጂ አጥፎ መመለስ አያውቅም! አክስት ያዩት ፎቶ ሁሉ፣ ደጋግመው ያዩት ሳይቀር፣ ሜሞሪው ውስጥ ተዘርግቶ ቀርቷል። አፈርኩ።

ታይቶ ያለፈ ፎቶ ሁሉ ከሜሞሪው እንዲለቀቅ አደረግሁና እንደገና ለካሁ። አክስት እስኪደክማቸው ቢያገላብጡም መስመሩ ከፍ ዝቅ እያለ ዋለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አዲሱን አፕ ለደንበኞች ለቀቅን፣ ሳምንታትም አለፉ፤ አንድም ሰው ሊያማርር አልመጣም። ሽማግሌዎቼን ላክሁ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሄዱ። እትዬ ታደለች በአክብሮት ተቀበሏቸው፣ ጠባዬንም አመሰገኑ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱና ሱቁ ጭር ማለቱን ነገሯቸው። ድሮ አፑ ሲጠፋበት ሰው የቀረውን ሊያይ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ ያን ሁሉ ጨርቅ አስወርዶ ባዶ እጁን እንዳይወጣ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ ይገዛል። ለስልክ ማን ይሉኝታ አለው? አሁን ሁሉም ቤቱ ጋደም ብሎ እስኪጠግብ ያገላብጥና ይተኛል።

ሽማግሌዎቹ ታዲያ ለልጁ ምን ብለን እንንገረው አሏቸው።

«ልጄን እሰጠዋለሁ» አሉ እትዬ ታደለች። «መጀመሪያ ግን አፑን እንደነበረው አድርጎ ያበላሽልኝ።»