ሳሎን የበላ ጆሮ

ጆሮ ያለው ሰው ሞልቷል። «ጆሮ አለኝ» የሚል ሰው ግን ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል፤ ሁለተኛ ከተጨመረ ያ ቤት አይቆምም። ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። ሻይ ቤት ሲገባ ከወንበሩ በፊት ጣሪያውን ያያል። ሠርግ ተጠርቶ ሲመለስ ሙሽሪትን ትቶ የአዳራሹን ግድግዳ ያማል። ጎረቤት አዲስ ቴፕ ገዝቶ «እስቲ ስማልኝ» ሲለው፣ በሽተኛ እንደሚመረምር ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ይቆይና «መሣሪያህ ምንም አልሆነ፤ የታመመው ክፍልህ ነው» ብሎ የሰው ደስታ ላይ ውኃ ይቸልሳል።

የእኛው በሥራው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሊፍት ከመቆሙ ከሦስት ቀን በፊት ሲያቃስት እሰማዋለሁ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ይሰማዋል። ሰፈሩ «ክቡር ጆሮ» ነው የሚለው። ማዕረጉን የሰጠችው ሚስቱ ናት፤ የሰጠችውም በፍቅር እንዳይመስላችሁ።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ስታለብስ ኖራ፣ ዓለም ላይ የእኔ የምትለው አንድ ሳሎን ነበራት። ወተት የመሰለ ግድግዳ፣ ሰፊ መስኮት፣ ፊትህን የሚያሳይ ወለል፣ ጥግ ላይ የመስታወት ቁም ሳጥን። እንግዳ ሲገባ «እንዴት ያምራል!» ሳይል አይቀመጥም ነበር። ነበር ነው እንግዲህ።

አንድ ቅዳሜ ክቡር ጆሮ ከሚዘጋ ሙዚቃ ቤት አዳንኳቸው ያላቸውን፣ የልጅ ቁመት ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ይዞ ገባ። አስቀመጣቸው፣ አንድ ሸክላ አስጮኸ፣ ፊቱን አጨማዶ አጠፋው። ከዚያ ሳሎኑ መሐል ቆሞ እጁን አንዴ ጧ አደረገ።

«ሰማሽ?» አላት።

«ምኑን?»

«ግድግዳው ይመልሳል!»

«ይመልሳ! ባሌ የማይመልስልኝን ግድግዳው ቢመልስልኝ ምን አለበት?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማያጨበጭብበት ቤት ጠፋ። አክስቷ ቤት አጨበጨበ። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ቆሞ አጨበጨበ፤ ጥበቃው ሮጦ መጣ። የሥራ ባልደረባው አባት ሞተው ሊያጽናኑ በሄዱበት ቤት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ዝም ባለበት፣ አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ ጥግ ጥጉን ማየት ሲጀምር ሚስቱ ነገሩ ገባት። እጁን ልትይዘው ስትል ዘገየች። ጧ! ባላቸው የሞተባቸው እናት እንኳ ቀና አሉ።

«ይቅርታ... ትንኝ ነበረች» አለ ክቡርነታቸው።

ትንኝ! ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ እሱ ቀስ ብሎ «ግን ሰማሽው? ጣሪያው ከፍ ስላለ...» ሲል ቁልፉን ወረወረችበት።

ግድግዳው እንዳይመልስ የተደረገው ትግል ደግሞ ራሱን የቻለ ግፍ ነው። መጀመሪያ ከዳቦ ቤቶች የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ለቃቅሞ አንዱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ለጠፈበት። ደንበኛ ጋ ውላ ስትገባ «ዶሮ ልታረባ ነው?» ብላ ጮኸች። የበለጠ ያንገበገባት ግን ከሳምንት በኋላ በገዛ እጁ እየነቀለ «ለካ ምንም አይረባም» ማለቱ ነበር። ቀለሙ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ተላጠ። ቀጥሎ የእንግዳ አልጋው ፍራሽ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ቤቱን የሌሊት ወፍ ዋሻ ያስመሰለ ሹል ሹል ጥቁር ስፖንጅ መጣ። የመስታወት ቁም ሳጥኗም «ይንቀጠቀጣል» ተብሎ ወደ ኮሪደር ተባረረ።

ያኔ ነው መቀሷን እንደያዘች መጥታ ፊቱ የቆመችው።

«ስማኝ። አሁን ለጆሮህ አልናገርም፤ ለአንተ ነው። ወይ ይሄ ቤት እንደ ሰው ቤት ያምራል፣ ወይ አንተና ስፒከሮችህ ሊፍት ውስጥ ትኖራላችሁ።»

እሱ ግን ደነገጠ እንጂ አልተቆጣም። «ማማርማ ይችላል» አለ። «ማን አያምርም አለሽ? ጨርቅ የሚመርጥልኝ ሰው አጥቼ ነው እንጂ።»

በዚህ ተስማሙ፦ ውፍረቱ የእሱ፣ መልኩ የእሷ። የእንጨት ማዕቀፍ ያሠራል፤ ውስጡን ሙቀትና ብርድ እንዳያልፍ ጣሪያ ሥር በሚነጠፈው ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ይሞላል፤ እሷ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ዕቃውን ያየ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል እንጂ ሌላ አይመስለውም። በወረቀት ላይ ያማረ ነገር ነበር።

ጨርቅ ቤት ሄዱ። እሷ ጣውላው ላይ የተዘረጋውን በጣቷ እየዳሰሰች ስትመርጥ፣ እሱ የእያንዳንዱን ጨርቅ ጫፍ አፉ ላይ ለጥፎ ይነፋል! «ጨርቁ መተንፈስ አለበት፤ ትንፋሽ ካላሳለፈ ድምፅም አያሳልፍም።» ባለሱቁ፣ አሥር ዓመት የሚያውቃት ሰው፣ መጀመሪያ ሳቀ፤ አራተኛው ጥቅል ላይ «ምነው ጋሼ፣ ጨርቅ ነው እኮ፣ ትኩስ ሾርባ አይደለም» አለ። እሷ የወደደችው ከፋይ ጨርቅ «ታፍኗል» ተብሎ ወደቀ። መሬት ትከፈትና ትዋጠኝ አለች። በመጨረሻ የጠወለገ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴና የሸክላ ቀለም ያለው፣ ሁለቱም የተስማሙበት ጨርቅ ተገኘ።

መስቀያ ቦታውን ለመወሰን ደግሞ የመልበሻ መስታወቷን አስነቀላት። እሱ ወንበሩ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጦ፣ እሷ መስታወቱን ግድግዳ ለግድግዳ ትጎትታለች። «ትንሽ ወደ ግራ... ስፒከሩ ታየኝ! ቁሚ! እዚያ ነው ድምፁ ነጥሮ የሚመጣው።» በመስኮት ያየቻቸው ጎረቤት ይኸው እስከ ዛሬ «መስታወቱ ተሸጠ እንዴ?» ትላለች። የመጽሐፍ መደርደሪያውም አልተረፈም። ድምፁን እንዲበትን ብሎ አንዱን መጽሐፍ ገፋ፣ አንዱን ሳብ ያደርገዋል፤ እሷ ታስተካክላለች፣ እሱ ያበላሻል። በዚህ ላይ ብቻ ሦስት ወር ተኳርፈዋል።

ሥራው ሲያልቅ ጨርቅ የለበሰ ስምንት ሰሌዳ ተሰቀለ። እሷ በር ላይ ቆማ አየችው። ያምራል። በሞቷም አትናገራትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሚስትየዋን የሚያስጨንቃት ሌላ ነገር ነበር። እናቷ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለች ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ ነገር መቀላቀል ጀምረዋል። «ምሳ በላሽ?» ሲባሉ «አዎ፣ ሊዘንብ ነው መሰለኝ» ይላሉ። ርዕሰ መምህር የሆነው ታላቅ ወንድሟ ፈርዷል፦ እማዬ እየረሳች ነው፣ ብቻዋን መኖሯ ይበቃል፣ ቤቷ ተዘግቶ እኔ ጋ ትግባ። እሁድ ከሰዓት እህቱ ቤት ተሰብስበው ሊነግሯቸው ተቀጣጠሩ።

እሁድ ክቡር ጆሮ ከጠዋቱ ጀምሮ ወንበር ያመላልሳል። የራሱን ወንበር፣ ማንም እንዳይቀመጥበት የሚያጉረመርምበትን፣ ከመሐል አውጥቶ ለአማቱ አዘጋጀላቸው። ፊታቸው ወደ ሰው፣ ጀርባቸው ወደ ወፍራሙ ሰሌዳ።

«ዛሬም? እናቴን ቤቷን ልንነጥቃት በተቀመጥንበት ቀን እንኳ ይሄ ጆሮህ አያርፍም?» አለችው፤ እንባዋ መጣ። እሱ ወንበሩን አንድ ክንድ ወደ ግራ አደረገው።

እናት መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ቀረበላቸው። ወንድም ወደ እህቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እየባሰባት ነው። አንድ ቀን ጋዙን ሳታጠፋ ትተኛና እንጃልን። ቁልፉን ዛሬውኑ እንቀበላት።»

እናት ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ጋዝ የለኝም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው ያለኝ፤ ራስህ ነህ ያመጣኸው» አሉ። «ቁልፌን ደግሞ አልሰጥም።»

ርዕሰ መምህሩ እንደ ተማሪ ቀላ። ቀኑን ጠየቃቸው፤ መለሱ። የልጅ ልጆቻቸውን ዕድሜ ጠየቃቸው፤ ከነልደት ቀናቸው መለሱና «ይልቅ አንተ ያንን ጢምህን ተላጨው» አሉት። «እሱን ካሳደግህ ወዲህ ከንፈርህን ማየት አቅቶኛል። ያንተ ቤት ደግሞ ሁሉ ነገር ያስተጋባል፤ የገደል ማሚቶ ነው። የምትሉኝ አይገባኝም፤ የመጣልኝን እመልሳለሁ፤ እዚህ ሳሎን ግን ይሰማኛል። ጆሮዬ ከከዳኝ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ሁለት ዓመት! እና ለምን ለማንም አልነገርሽም?» አለች ልጃቸው።

«ለአንዱ ነግሬያለሁ» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ አማቻቸው አመለከቱ።

ሚስቱ ዞረች። ክቡር ጆሮ የስፒከሩን ሽቦ የሚያስተካክል መስሎ ተጎንብሷል። ክንዱን ይዛ ወደ ማድ ቤት ጎተተችው፤ በሩንም ዘጋች።

«ታውቅ ነበር?»

«እማማ ሁላችሁ ስቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነበር የሚስቁት» አለ። «አንድ ቀን ብቻቸውን ሳገኛቸው ጠየቅኋቸው። አለቀሱ። ልጆቼ ካወቁ ቤቴን ይዘጉብኛል፣ እንዳትናገር ብለው አስማሉኝ።»

«ለእኔም?»

«በተለይ ለአንቺ አሉ።»

ስለ ጣሪያና ስለ ግድግዳ ለመንገደኛ ሁሉ ሲለፈልፍ የኖረ ሰው፣ አንዷን ነገር ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ይዞ ኖረ። ንዴቷ ጨመረባት እንጂ አልበረደም።

«እና ይሄ ሁሉ ሰሌዳ ለእሷ ነው ልትለኝ ነው?»

«አልዋሽሽም፤ ለስፒከሩ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰሌዳዎች እንደተሰቀሉ ግን እማማ መጥተው ከአንቺ ጋር አወሩ፤ አንድም ጊዜ 'ምን አልሽ' አላሉም። አንቺ ጨርቅ እየለካሽ ስለነበር ልብ አላልሽም። ከዚያ በኋላ የተጨመሩት ስድስቱ...» ትከሻውን ነቀነቀና ተወው።

ድስቱን አንስታ ባናቱ ብትደፋበት ደስ ባላት። አንገቱ ሥር ገብታ ብታለቅስም እንዲሁ። ሁለት ዓመት ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ እናቷ እንደማትሰማት ሳትሰማ ኖራለች፤ የሰማላት ይሄ ለቅሶ ቤት የሚያጨበጭብ ሰውዬ ነው። የትኛው ይበልጥ እንዳናደዳት አላወቀችም። አንዱንም ሳታደርግ እጇን ታጥባ ወጣች፤ በዚያ ቀን የቁልፍ ነገር ዳግም አልተነሳም።

በሳምንቱ እናት ሐኪም ዘንድ ተወሰዱ፤ ከወር በኋላም ከጆሮ ጀርባ የምትቀመጥ ትንሽ መሣሪያ ተደርጋላቸው ወጡ። መንገዱን ሁሉ እየተገረሙ መጡ፤ የገዛ ጫማቸው ይጮሃል፣ የልጃቸው ቀሚስ ይንሿሿል። እንዲያ እያሉ ሳሎኑ ገቡና ተቀመጡ። ዙሪያውን አዩ፤ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ምነው ይሄ ቤት?» አሉ። «ትራስ ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ! ሰው እንዴት እንዲህ ታፍኖ ይኖራል? ልጄ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ፣ ግን እነዚህን ነገሮች አንሳቸውና ቤቱ ይተንፍስ።»

ክቡር ጆሮ አንገቱን ደፋ። አማቱን ሊከራከር አይችልም። መሰላሉ የት እንዳለ ሊያይ ወደ ኮሪደሩ ሲራመድ ሚስቱ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ማንም አይነካቸውም! እማዬ፣ ካልተመቸሽ መሣሪያሽን ቀንሺው! እያንዳንዱን በእጄ ነው የሰፋሁት፣ ስፌቱ እንኳ አይታይም! ቀለሙን እይው! አንዱን ብታነሱት ድምፁ ሁሉ ነው የሚበላሸው፤ ክፍላችንን ተዉልን!»

እናት በአዲሱ ጆሯቸው በደንብ ሰሟት። እሱም መሰላሉን ትቶ ቀስ ብሎ ዞረ፤ «ክፍላችን» ያለችውን ሌላ ሰው ሰምቶ እንደሆነ ሊያጣራ ይመስል አማቱን አያቸው፤ እሳቸውም ሻያቸውን እየጠጡ ራሳቸውን ነቀነቁለት።