አስተርጓሚው ባል

«በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ኃላፊ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ አራዳ ገጥሞኛል። መስማት የተሳናት ጎረቤቴን ባሏ ቢደበድባት፣ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ይረዳል ወደተባለ ቢሮ ይዣት ሄድኩ።

ኃላፊው እጆቿን አየና «የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው አምጡ» አለ። የለንም ስለው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስልኳን ተቀብሎ ባሏ ጋ ደወለ። ለነገሩ የሚስትን ምልክት ከባል በላይ ማን ያውቃል?

ባልየው መጣ። ጣቷን ወደ እሱ ቀሰረች፤ ቀጥላም ጡጫዋን ያበጠ ጉንጯ ላይ አሳረፈች።

«ምን አለች?» አለ ኃላፊው።

«ደረጃ ላይ ወደቅኩ ነው የምትለው።»

«ምነው ጌታዬ፣ ይህ ደግሞ አስተርጓሚ ያሻዋል?» አልኩ።

ኃላፊው በትዕግሥት አየኝ።

«እርስዎ የምልክት ቋንቋ ይችላሉ?»