የጠንቋይዋ ክርስትና ስም

ጠንቋይ የሚረግም ሰው ስታገኙ ቶሎ አትመኑት። ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ አልማዝ ጠንቋይ ቤት የሄደን ሰው ሰላም አይሉም። ታዲያ እኚሁ ሴት አንድ ቃል በማያውቁት በስፓኒሽ፣ ስለ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ጠንቋይ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ አያመልጣቸውም። «ምን ታድርግ፣ እናት የላት!» ይሏታል።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ቄሱ «ለታመመችው ለወለተ ማርያም ጸልዩ» አሉ። አጠገቤ የቆሙትን እትዬን «ደግሞ ማን ታመመ?» ብላቸው፣ «ያቺ ልጅ ናታ! ባለፈው ክፍል መርዝ አጠጧት። ክርስትና ስም ስለሌላት የእኔን ሰጠኋት» አይሉኝ መሰላችሁ!

ክው አልኩ። ለጠንቋይ ጸሎት? ያውም በቅዳሴ? ልቆጣቸው አፌን ከፈትኩ። ግን መርዙን ስትጠጣ እኔም ቤቴ ሆኜ አይቻታለሁ።

ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ።