ማይክ ልገዛ ከሰላ ሄጄ

ገንዘብ ያለው ሰው ዕቃ ይገዛል፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ደግሞ ዕቃ ይመርጣል። ከሁለቱ አድካሚው መምረጡ ነው፤ እኔን ጠይቁኝ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። አርብ አርብ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ዘፈን እቀርጻለሁ። ስቱዲዮ ስላችሁ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከመኝታችን ጎን ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ማይክ፣ ካሴት መቅረጫ፣ ትንሽ የድምፅ ሚክሰርና ማራገቢያ አለኝ። በገዳሪፍ ሙቀት ያለ ማራገቢያ ማን ይዘፍናል?

ታደለ የሚባል ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣ መሰንቆ ተጫዋች ነበር። የቀረጽኩለትን ከሰላ ላለ ካሴት ሻጭ ላክን። ሰውየው ድምፁ ግሩም ነው፣ ግን ከኋላው ንብ አለ ብሎ መለሰው። ታደለ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

«ጋሼ፣ አጨዳው ሳያልቅ አንዴ እንሞክር» አለኝ። «እናቴ አርጅታለች። አሁን አገሬ ከገባሁ ተመልሼ የምመጣ አይመስለኝም።»

ጥፋቱን በማይኩ ላይ ጣልኩት። ያጠራቀምኩት ወይ ጥሩ ማይክ ይገዛል፣ ወይ ጥሩ ሚክሰር፤ ሁለቱን ግን አይችልም። ማይክ ወይስ ሚክሰር እያልኩ ስሰፋ የአንድ ሰው ሱሪ ኪስ አፉን ደፍኜ ሰጠሁት። ባለቤቴ ፈንታነሽ፣ «ማይኩ ምን አጠፋ? ይቺ ክፍል እኮ እንኳን ዘፈን ጸሎትም አታሰማ» አለችኝ። የሚስት ምክር መቼ ነው በሰዓቱ የሚሰማው? በአውቶቡስ ከሰላ ወረድኩ።

የዕቃው ነጋዴ ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ ነው። ከመሸጡ በፊት ካሴቱን አምጣ አለኝ። ከፈተና የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀልኝ። «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ አሁን ስማ።» ሰማሁ። ማራገቢያው ያጉረመርማል። የጎረቤት ወፍጮ ይፈጫል። ቆርቆሮው ይንቋቋል። አንዲት ዶሮ ደግሞ እንቁላል መጣሏን ለአገር ታሳውቃለች። ታደለ በእነዚህ ሁሉ መሀል ነበር የሚዘፍነው።

«ይህን ማይክ ብሸጥልህ ዶሮዋን አጥርቶ ይቀርጽልሃል» አለ ኢድሪስ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ኢድሪስ ግን ሞፈሩን ትቶ ሞኙን ሻይ አጠጣው። ማዳመጫውን ብቻ ሸጦልኝ፣ በቀረው ክፍልህን አልብስ ብሎ ሸኘኝ። እግዜር ይስጠው፤ ዛሬም ስሙን ስጠራ አፌን ይጣፍጠኛል።

ቤት ገብቼ ለፈንታነሽ ነገርኳት። ብዬህ አልነበር አላለችም። ጣሪያውን አየች፤ እሱም በቂ ነው። የጥጥ ፍራሽና የሰሊጥ ጆንያ ገዝተን ግድግዳውን አለበስነው። ዶሮዎቹን ዘመድ ቤት ላክናቸው። የቀረው ወፍጮው ነው። የወፍጮው ባለቤት ሐጃ አምና የምትባል—ምን ትባላለች እላለሁ፣ የሚባሉ—ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሱዳናዊት ባልቴት ናቸው። በሰው አገር ተቀምጦ ወፍጮ አቁሙልኝ ይባላል? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ሄድኩ። ሐጃ ነገሬን ጨርሰው ሰሙኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ የሚሄደው እናቱ ዘንድ ነው ወይ አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ አርብ ከሶላት በኋላ ወፍጮው ያርፋል አሉ።

አርብ ደረሰ። ሐጃ አልጋቸውን አስወጥተው ደጃችን ላይ ተቀመጡ። ማሽላ ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች እህላቸውን እንደያዙ ጥላ ስር ጠበቁ። የሪክሻ ነጂዎች ሞተር አጥፍተው እየገፉ አለፉ። እኛ ውስጥ ማራገቢያውን አጥፍተን እንደ ቋያ ነደድን። ታደለ ስለ እናቱ ሲዘፍን በማዳመጫዬ ውስጥ የመሰንቆው ጭራ ሲተነፍስ ሰማሁ። ውጭ ያ ሁሉ ሰው ለአንድ አጫጅ ብሎ ዝም ብሏል።

ልክ ዘፈኑ ጣራ ሲነካ፣ ሽንኩርት ሻጭ ብቅ አለ መሰል፣ የሐጃ ድምፅ ከውጭ አንባረቀ። «ኡስኩቱ! ዝም በሉ፣ ልጁ ለእናቱ ይዘፍናል!»

ድገመው ልለው ነበር። ታደለ ላቡን ጠረገና፣ «ጋሼ፣ ነፍሴ ወጥታለች» አለ። ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚወስደው የጭነት መኪናም ይጠብቀው ነበር። ካሴቱን እንዳለ ላክነው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ካሴቱን ከሰላ ላይ ገዢ ተሻማው። ሰው የታደለን ስም አያውቅም፤ «ኡስኩቱ ያለበትን ስጠኝ» ነው የሚለው። ታደለም በሚመጡ አጫጆች ቃል ላከብን፤ እናቱ ዘፈኑ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ልጄን ያስከበረችልኝ ሴት ትባረክ እያሉ ይመርቃሉ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሊቀረጽ የሚመጣ ዘፋኝ ሁሉ ስለ ዕቃዬ አይጠይቀኝም። ሐጃ ዛሬ አሉ ወይ ነው ጥያቄው። ሐጃ ግን ለማንም አይጮሁም። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ትንሽ ያዳምጡና፣ ድምፁ ካልጣማቸው ወፍጮውን ያስነሡበታል።