የዕድር ድስት ለፖም

በየሰፈሩ፣ ሥራ የፈታ እጅ ሲያይ የሚያመው አንድ ሰው አይጠፋም። በሰፈራችሁ ከሌለ ዕድለኞች ናችሁ፤ አለዚያም ሰውየው ራሳችሁ ናችሁ። የእኛዋ፣ የካዛንቺሷ፣ ክብርት እትዬ ደብሪቱ ናቸው። ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው ይባላል እንጂ እኔ በበኩሌ አንድ ቀን ሲያርፉ አላየሁም። ሰው ማሳረፍም አያውቁም።

"ቁጭ ብለህ ነው?" ይሉኛል፣ ቁጭ ማለቴን እያዩ! "በል እስቲ ይቺን ያዝልኝ።" ይቺ የተባለችው አንድ ቀን መሰላል ነበረች፣ ሌላ ቀን የምትራገጥ ዶሮ። ለፋሲካ "እንኳን አደረሰዎ" ልል ብቅ ብዬ የጣሪያ ቆርቆሮ ስመታ ውያለሁ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ የምሄደው በቤታቸው ጀርባ ዞሬ ሆነ፤ አሥር ደቂቃ ያስረዝማል፣ ግን በንጹሕ ልብስ እደርሳለሁ።

ጓሯቸው ውስጥ ከጨንቻ በችግኝ የመጣች የፖም ዛፍ ነበረች። ፍሬዋ ትንንሽ፣ ጎምዛዛ፣ ዓይን የሚያስጨፍን። እንዲህ ያለ ፖም ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በጥቂት ውሃና በቀረፋ እስኪልም ይማሰላል እንጂ በጥሬው አይደፈርም። ማርማላታ ያለ ሰው ወየውለት። "ማርማላታ ስኳር ነው! ይሄ ፖም ነው!"

አምና ሰፈራችን ለልማት ሊነሳ ሆነና ሁሉም ዕቃውን ማሰር ጀመረ። እትዬ ደብሪቱ የደረሳቸው ቤት ከከተማው ዳር ነው። ቅዳሜ ሊወጡ፣ ሐሙስ ጠዋት ቀና ብለው ቢያዩ ፍሬው ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ሌላ ሰው "በቃ፣ ምን ይደረግ" ይል ነበር። እሳቸው የዕድራችን ዕቃ ያዥ ጋሽ ወልደአማኑኤል ዘንድ ሄደው ትልቁን ድስት ጠየቁ።

"ማን ሞተ?" አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል ደንግጠው።

"ማንም። ፖም ልቀቅል ነው።"

"ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የዕድር ድስት ለፖም?"

"ቁጭ ብለው አይደል? በሉ ይግፉልኝ!" ብለው ፍሬውን ሊለቅሙ ቀድመው ሄዱ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ድስቱን በጋሪ እየገፉ መንደሩን አቋረጡ። ሰው "ምን ሆነው ነው?" ሲላቸው፣ የዕድር ንብረት ለፖም መስጠታቸው አሳፍሯቸው አንገታቸውን ደፉ። የዕድር ድስት በጠዋት አንዲት ብቸኛ ሴት ቤት ከገባ፣ ገፊውም አንገቱን ከደፋ፣ ማን ጡሩምባ ይጠብቃል? ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤታችን እትዬ አምሳለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወይኔ ደብሪቱ! ወይኔ እህቴን!" እያሉ ገቡ። ከኋላቸው ሰፈሩ በሙሉ ነበር። እኔም ጥቁር ሹራቤን ለብሼ፣ በጀርባ የዞርኩባቸው ጠዋቶች ሁሉ እያንገበገቡኝ ተከተልኩ።

ሟቿ ከዛፏ ሥር ቆመው ተቀበሉን። "እንኳን መጣችሁ! ቢላ የያዘ አለ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ አስደንግጠሽ ልትገይኝ ነው!" አሉ እትዬ አምሳለ። እንባቸው ሳይደርቅ ግን መላጥ ጀመሩ። ለለቅሶ የመጣ አርባ ሰው ፖም ሲልጥ ዋለ። ለእኔ ማማሰያው ደረሰኝ፤ ፖሙ እየተፈናጠረ እጄን ይለበልበኛል፣ እሳቸው "ከሥር! ከሥሩ እንዳያር!" ይሉኛል።

አንዴ አጠገቤ መጥተው ምንም ሳያዙኝ ቆሙ። እሳቸው ሳያዙ ሲቆሙ አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

"ናኦድ፣" አሉኝ ድስቱን እያዩ፣ "ሁሉም ሊበተን ነው። ዕድሩም መፍረሱ ነው። እዚያ ማን ያውቀኛል? ማን ይቀብረኛል?"

"ዛሬ ስንት ሰው እንደመጣ አላዩም?"

"እሱማ ቅርብ ስለሆናችሁ ነው።"

ማማሰሌን ቀጠልኩ።

አመሻሽ ላይ ለየሰዉ አንድ አንድ ጠርሙስ ሞልተው አደሉና "ጠርሙሴን እፈልገዋለሁ፤ ቤቴ ድረስ አምጡ" አሉ ኮስተር ብለው። እሺ ብለን ተበተንን። ነገሩ የገባኝ ቤቴ ስደርስ ነው። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስ፤ ይዞ የሄደም ሳይቀምስ አይሸኝ፤ ዕቃውም ሌላ ነገር ተሞልቶ አብሮት ይመለሳል።

ዛፏ ተቆርጣለች። እኔ አሁን ጀሞ ነኝ፤ ከእሳቸው ቤት ሦስት ታክሲ። ባለፈው እሑድ ጠርሙሱን ለስድስተኛ ጊዜ በበሶ ሞልቼ ስወስድ፣ እትዬ አምሳለ የራሳቸውን በፌስታል ይዘው ከበሩ ሲወጡ አገኘኋቸው። እኔም ሽሮ ተሞልቶልኝ ተመለስኩ። ለባለቤቴ "የሰው ዕቃ ይዤ እንዴት እቀመጣለሁ" እላታለሁ። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እሳቸው ናፍቀውኝ ነው የምሄደው።