ከሌባ የተደበቀች አንቴና

ጆሃንስበርግ የገባ ሐበሻ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መደበቅን ነው። ብር ካልሲ ውስጥ፣ ፓስፖርት ፍራሽ ስር፣ የጋብቻ ቀለበት ስኳር ዕቃ ውስጥ። እናንተም እዚህ ብትኖሩ ትደብቁ ነበርና አትፍረዱብን። የኔ ባል ማርቆስ ግን አበዛው፤ እንዲገኝበት የተገዛውን ዕቃ ደበቀው።

ማርቆስ ከፎርድስበርግ ዱቄትና ዘይት ጭኖ ሶዌቶ ላሉ የአገራችን ልጆች ሱቆች ያከፋፍላል። መኪና ከነሾፌሩ የሚጠለፍበት ከተማ ነውና፣ ባኪ የምንላት ጭነት መኪናችን ላይ መከታተያ አስገጠምን፤ የት እንዳለች ስልኬ ላይ በነጥብ ታሳየኛለች። ገጣሚው አንቴናዋን ከፊት መስታወቱ ስር አስቀምጦ፣ "ሰማይ ማየት አለባት፤ ብረት እንዳይጋርዳት" ብሎን ሄደ። ማርቆስ ሳይውል ሳያድር አንስቶ ከወንበሩ ስር፣ ከብረት የመፍቻ ሳጥኑ በታች ቀበራት። "ሌባ ካያት መጀመሪያ የሚበጥሰው እሷን ነው" አለኝ። ብልህ ባል አገባሁ ብዬ ኮራሁ።

ከሌባ የተሰወረ ከሳተላይትም እንደሚሰወር ማን አሰበ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዱርንፎንቴን ካለችው ሱቄ ሆኜ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ነጥቧን ባይ ከመንገድ ወጥታ የማዕድን አፈር የተከመረበት ጭር ያለ ሜዳ ላይ ቆማለች። እዚያ ሬሳ ይጣላል እንጂ ሰው አይቆምም። "የፈሩት ይደርሳል" ብሎ የተረተውን ሰው ረገምኩት። አንዲት ደንበኛዬ "ሲሲ፣ ዩ ኦኬ?" ስትለኝ "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" ብቻ እላለሁ። ነጥቧ ደግሞ ዘልላ ኩሬ ውስጥ ገባች።

በዚህ መሀል ማርቆስ ዱቄት በዱቄት ሆኖ በሩ ላይ ቆመ። "ባትሪ ጨርሼ ነው" አለ።

"መኪናውስ?"

"ይኸው ደጅ።"

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬን ስጨርስ ደግሞ ጮህኩበት።

በማግስቱ ብረት ጋርዷት ስትቀባጥር የነበረችው አንቴና መስታወቱ ስር ተመለሰች። አሁን ነጥቧ አትዋሽም፤ ማርቆስ የትኛው የመንገድ ጠርዝ ላይ እንደቆመ ሳይቀር ትነግረኛለች። ተገላገልሽ ትሉኝ ይሆናል። እዚህ የትራፊክ መብራቱን ሮቦት ነው የምንለው፤ ጠላፊ የሚወደውም ሮቦት ላይ የቆመ መኪና ነው። ሐሰተኛዋ ነጥብ የገደለችኝ አንድ ቀን ነው። እውነተኛዋ በየሮቦቱ ትገድለኛለች።

ይኸው አሁንም ቆመች። ቀይ በርቶ ነው፣ ቀይ ነው እላለሁ።

ሂጂ እንጂ፣ የኔ እናት!