ከንፈረ ሰፊዋ ዝንጅብል

(ከኮሶዬ በታች፣ ገደሉ ሥር ያለ ጥቅጥቅ ጫካ። እንዳልካቸው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ያስተምራል። ወንዴ አብሮ አደጉና ሾፌሩ ነው። እንዳልካቸው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ አንዲት አበባ በሁለት እጁ ደግፏል።)

ወንዴ: አልቀበልም! ይሄ ዝንጅብል አይደለም።

እንዳልካቸው: ነው አልኩህ!

ወንዴ: ዝንጅብል አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ስንቴ አይቻለሁ። ጣት ጣት ይመስላል እንጂ አበባ የለውም።

እንዳልካቸው: ገበያ የምታየው ግንዱን ነው።

ወንዴ: ሥሩን ነዋ!

እንዳልካቸው: ሥር አይደለም። መሬት ውስጥ የሚሄድ ግንድ ነው።

ወንዴ: ግንዱ መሬት ውስጥ ከገባ ሥሩ የት ሊሄድ ነው? አዘዞ?

እንዳልካቸው: ወንዴ፣ አንተ መሪህን ያዝ፣ ዕፅዋቱን ለኔ ተው። ይህች የዱር ዝንጅብል ናት። ሳይንስ እስከ ዛሬ የማያውቃት አዲስ ዝርያ!

ወንዴ: ምኗ ነው አዲስ? ቅጠሏን እኮ ትል በልቶታል።

እንዳልካቸው: ትሉ ያውቃታል፤ ሳይንስ ግን አያውቃትም። አምና ስመጣ አበባዋ ረግፎ ደረስኩ። ጠዋት ትፈነዳለች፣ ከሰዓት ትጠወልጋለች። ዛሬ ካልገለጽኳት ሌላ ክረምት መጠበቅ ነው።

ወንዴ: ፎቶ አንሳትና እንሂድ፤ ራበኝ።

እንዳልካቸው: ፎቶ መልክ ብቻ ነው። መግለጫ ማለት ምኗ ከማን እንደሚለይ በቃል መናገር ነው። እጄ ተይዟል፤ ስልኬን ከኪሴ አውጣና ድምፄን ቅዳ። ደግሞ «ቅዳ» ስልህ ብቻ ቅዳ፣ አንተ ስትናገር አቁም። ድንቁርናህ ዓለም ላይ እንዳይሰማ።

ወንዴ: እሺ። (ስልኩን አውጥቶ) እየቀዳሁ ነው፣ በል።

እንዳልካቸው: (ጉሮሮውን ጠርጎ) አዲስ ናት። ሰው ሳያያት፣ ጥላ ሥር ተደብቃ አገኘኋት። ቁመቷ አጭር ነው። ከታች ወፍራም ናት።

ወንዴ: (ቅጂውን አቁሞ) ኧረ ቀስ! ምነው በሴት አንቀጽ ትጠራታለህ?

እንዳልካቸው: ስለምወዳት ነው። ቅዳ! አንገቷ ረጅምና ነጭ ነው። ከንፈሯ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ነጥብ ያለበት።

ወንዴ: (አቁሞ) ከንፈር?

እንዳልካቸው: ይቺ ሰፋ ብላ የወረደችው የአበባው ክፍል ከንፈር ትባላለች። ቅዳ! ምላሷ አጭር ነው፤ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ።

ወንዴ: (አቁሞ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያለ) እባብ አለባት እንዴ?

እንዳልካቸው: ቅጠሉ ግንዱን ካቀፈበት ላይ ብቅ የምትል ስስ ልጣጭ አለች። እሷ ምላስ ትባላለች። እውነት ላንተ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ቅዳ! ከዘመዶቿ ጋር አስተያይቻታለሁ። ዘመዶቿ ሁሉ ግዙፍና ፀጉራም ናቸው። እሷ ብቻ ለስላሳ ናት። ጠረኗም ሸጋ ነው። ከሚመለከታቸው ፈቃድ ሳላገኝ ግን አልነካትም። ስሟም ዝማሬ ነው። አበቃሁ።

ወንዴ: (አቁሞ) ዝማሬ? የአዘዞው የመሪጌታ አምሐ ልጅ? አሃ! አሁን ገባኝ!

እንዳልካቸው: አንተ ምን ይገባሃል? ያገኘ ሰው ስም የማውጣት መብት አለው።

ወንዴ: ዝማሬ «ለአባቴ ሽማግሌ ላክ» ካለችህ ስንት ክረምት አለፈ?

እንዳልካቸው: እያጠናሁ ነው። የሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባም። ወሬህን ተውና ቅጂውን ለመምህር ላክልኝ።

ወንዴ: ለመምህር? አሁኑኑ?

እንዳልካቸው: አሁኑኑ! ከሳቸው በላይ ማን ይፈርዳል? እሳቸው ካጸደቁልኝ አለቀ።

ወንዴ: (ትከሻውን መታ መታ እያደረገ) እንዲህ ትደፍራለህ ብዬ አልጠበቅሁም! ወንድ ነህ!

እንዳልካቸው: ድፍረት አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ላከው፤ እዚህ ኔትወርክ ባይኖርም ላይ ስንወጣ ራሱ ይሄዳል።

(ኮሶዬ፣ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት። እንዳልካቸው የእጁን ጭቃ እየታጠበ ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል።)

ወንዴ: የድምፅ መልስ መጣ!

እንዳልካቸው: ፈጠኑ! ተደንቀው መሆን አለበት። ድምፁን ከፍ አድርገህ ክፈተው፣ ቤቱ ሁሉ ይስማ!

የመሪጌታ አምሐ ድምፅ: ልጄ እንዳልካቸው፣ አምሐ ነኝ። የላክኸውን ከናቷ ጋር ቁጭ ብለን ሰማነው።

እንዳልካቸው: (ውሃው ከእጁ እየተንጠባጠበ) ማን ነኝ አሉ?

ወንዴ: ዝም ብለህ ስማ!

የመሪጌታ አምሐ ድምፅ: ከታች ወፍራም ናት አልክ፤ በናቷ ወጥታ ነው። ከንፈሯ ሰፊ ነው አልክ፤ እሱ የኔ ነው። ቢጫ ነጥብ ያልከው አልጫ ወጥ ይሆናል፤ አፏን ሳትጠርግ አይተሃት ነው። ምላሷ ለሁለት የተሰነጠቀ ያልከውስ! ለኔ አንድ፣ ለናቷ ሌላ እንደምትናገር እኛ ብቻ የምናውቅ ይመስለን ነበር። ዘመዶቿ ፀጉራም ናቸው ያልከውን ለወንድሞቿ አላሰማሁም፤ ላንተው ብዬ ነው።

እንዳልካቸው: (ወንበር ላይ እየወደቀ) ሞቻለሁ። ቅበሩኝ።

የመሪጌታ አምሐ ድምፅ: ስማኝ ወልድየ። እስካሁን ልጄን ብለው የመጡት ሁሉ «ፀሐይ ናት፣ ጨረቃ ናት» ነበር የሚሉት። ውዳሴ ከንቱ! ጉድለቷን አይቶ የወደዳት አንተ የመጀመሪያው ነህ። «ፈቃድ ሳላገኝ አልነካትም» ስትል ደግሞ እናቷ አለቀሰች። እኛ ፈቅደናል፤ ሽማግሌ ላክ። ቁመቷ አጭር ነው ያልከውን ግን እሷም ሰምታሃለች። እሱን ራስህ ተወጣው።

(ከጎናቸው የሚበሉ አንድ ሽማግሌ ያጨበጭባሉ።)

እንዳልካቸው: ምን ሠራኸኝ? ለመምህር ላክ አልኩህ እኮ!

ወንዴ: ስልክህ ላይ «መምህር» የሚል አንድ ሰው ነው ያለው፤ መምህር አምሐ።

እንዳልካቸው: ያስተማሩኝን ፕሮፌሰር ሙሉሰውን ነበር ያልኩህ! አዲስ አበባ ያሉትን! የተናገርኩት ስለ ዝንጅብሏ ነው!

ወንዴ: ቅጂው ውስጥ ዝንጅብል የሚል ቃል አለ?

እንዳልካቸው: ላንተ ሳስረዳ ከአበባው እስከ ቅጠሉ ተናግሬያለሁ!

ወንዴ: እሱንማ አትቅዳ ብለኸኛል።

እንዳልካቸው: (ዘሎ ተነስቶ) ስልኩን አምጣ! አሁኑኑ ደውዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ወንዴ: እንካ። «መሪጌታ፣ ይቅርታ፣ ልጅዎን አልነበረም፣ ጫካ ያየሁትን ቅጠል ነው» በላቸው። እናቷም እንባዋን ትጥረግ።

(እንዳልካቸው ስልኩን ይቀበላል። ትንሽ ያየዋል። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይመልሰዋል። ፊቱ ላይ ፈገግታ መምጣት ይጀምራል።)

ወንዴ: ቅጂውን ለፕሮፌሰሩም ልላከው?

እንዳልካቸው: ላክ... ቆይ ቆይ! መጀመሪያ ዝንጅብል መሆኗን ጻፍላቸው።

ወንዴ: እሺ።

እንዳልካቸው: ወንዴ...

ወንዴ: አቤት።

እንዳልካቸው: አንተ... ለሽምግልና የሚሆኑ፣ አፋቸው ቁጥብ የሆነ ሰዎች ታውቃለህ?

ወንዴ: አውቃለሁ። እኔው በመኪናዬ አደርሳቸዋለሁ። አንተ ግን የዚያን ዕለት አዘዞ ድርሽ እንዳትል!

እንዳልካቸው: ምነው?

ወንዴ: እናቷን መግለጽ ትጀምራለህ!